ለኩሽኔታና ለቦኮላ ሥራ የሚሆን ፕሬስ እንዴት ይመረጣል?

በአንድ ጋራዥ በር በኩል ስናልፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማን የመዶሻ ድምፅ ነው። ጠጋ ብለን ስንመለከት አንድ ሠራተኛ አዲስ ኩሽኔታ አስቀምጦ፣ በላዩ ቁራጭ ብረት ደግፎ፣ ዙሪያውን እየዞረ ሲቀጠቅጥ እናያለን። ኩሽኔታው ይገባል። መኪናውም ተገጣጥሞ ይወጣል። ባለ መኪናው አመስግኖ ይከፍላል። ታዲያ ወር ሳይሞላው ያው መኪና እያጉረመረመ ይመለሳል። ባለ መኪናው "ያስገባችሁልኝ ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ነው" ይላል። መካኒኩ ደግሞ "ሶማሌ ተራ ሄደህ የገዛኸው ራስህ ነህ" ይላል። ጭቅጭቅ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሻጩም የዕቃውም አይደለም። ጥፋቱ የመዶሻው ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ፕሬስ መሆኑን ዛሬ የማያውቅ መካኒክ የለም። ነገር ግን ፕሬስ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ለሥራው የሚስማማውን ፕሬስ መምረጥ ሌላ ነገር ነው። እኛ ይህን ልዩነት የተማርነው ገንዘብ ከፍለን ነው። ስለዚህ ጋራዥ ለመክፈት የሚያስቡ፣ ወይም በማኅበር ተደራጅተው መሣሪያ ለመግዛት የሚመካከሩ አንባቢያን እንደኛ እንዳይሆኑ ያየነውን እንጽፋለን።

ኩሽኔታ በመዶሻ ሲመታ ምን ይደርስበታል?

ኩሽኔታ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉት። የውስጡ ቀለበት በዘንግ ላይ ይጠልቃል። የውጭው ቀለበት በቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ኳሶች ወይም እንደ በርሜል ያሉ ትንንሽ ጥቅሎች ይሽከረከራሉ። ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ነው።

እንግዲህ የውጭውን ቀለበት ወደ ቤቱ ለማስገባት ፈልገን የውስጡን ቀለበት ብንመታ፣ የመዶሻው ኃይል ወደ ውጭው ቀለበት የሚደርሰው በኳሶቹ በኩል አልፎ ነው። ኳሶቹም በለሰለሰው መንገድ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይወቅራሉ። ጉድጓዱ በዓይን ላይታይ ይችላል። መንኮራኩሩ በዞረ ቁጥር ግን ኳሶቹ በነዚያ ጉድጓዶች ላይ ይንገጫገጫሉ፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ማለት ነው። ጉርምርምታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው። ጠብቆ የሚገባውን ቀለበት ብቻ መግፋት ነው። በዘንግ ላይ የምናስገባ ከሆነ የውስጡን ቀለበት፣ በቤት ውስጥ የምናስገባ ከሆነ የውጭውን ቀለበት እንገፋለን። በሁለቱም በኩል የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ቀለበቶች አንድ ላይ የሚነካ ደልዳላ ብረት ያስፈልጋል። ይህን ደንብ የማያውቅ ሰው ፕሬስም ቢገዛ ኩሽኔታውን ያው ያበላሸዋል፤ ልዩነቱ ድምፅ ሳያሰማ ማበላሸቱ ብቻ ነው።

ቦኮላ ከኩሽኔታ ይለያል። ኳስ የለውም። ከነሐስ ወይም ከብረት የተሠራ አጭር ቱቦ ሆኖ ዘንጉ በውስጡ ይዞራል። ጎሚኒ የምንለው ደግሞ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል ጎማ የተጣበቀበት ነው፤ በብራቾና በባሌስትራ ዐይን ውስጥ ይገኛል። ጎሚኒ ሲገባ የሚገፋው የውጭው ቱቦ ነው። መካከሉን የገፋ ሰው ጎማውን ይገነጥለዋል።

ፕሬስ ኃይሉን ከየት ያመጣዋል?

በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊ ብሌዝ ፓስካል ያስረዳው ሕግ አለ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ጫናውን በሁሉም በኩል እኩል ያደርሳል የሚል ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1795 በዚሁ ሕግ ለሚሠራ ፕሬስ የፈጠራ መብት አገኘ። በመኪና ሥር የምናስገባው የዘይት ክሪክም የዚሁ ዘመድ ነው። የጋራዥ ፕሬስ ማለት በጠንካራ የብረት ማዕቀፍ ውስጥ የታሰረ የዘይት ክሪክ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

እስቲ እርሳስ አንሥተን አብረን እናስላ። የክሪኩ እጀታ ኃይላችንን 10 ጊዜ ያበዛል እንበል። ትንሹ ፒስተን 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ ፒስተን 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው እንበል። አንድ ሰው እጀታውን በ50 ኪሎ ቢጫን ትንሹ ፒስተን ላይ 500 ኪሎ ይደርሳል። ይህ በ40 ሲባዛ 20,000 ኪሎ፣ ማለትም 20 ቶን ይሆናል። 200 ኩንታል እህል በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ መቆም ነው! በርግጥ ኃይሉ በነጻ አይገኝም። 400 ጊዜ የበዛው ኃይል በርዝመት 400 ጊዜ ያንሳል። እጃችን 40 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ዘንጉ የሚገፋው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፕሬስ ላይ የሚሠራ ሰው ትዕግሥት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። 20 ቶን ወደ ታች ሲገፋ ያው 20 ቶን ማዕቀፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ምሰሶዎቹ ይሳባሉ፤ የላይኛው አግዳሚ ሊጎብጥ ይፈልጋል፤ ዕቃው የተቀመጠበት የታችኛው አግዳሚ፣ እኛ "አልጋ" የምንለው፣ ወደ ታች ሊጎብጥ ይፈልጋል። ገበያ ስንወጣ የምንጠይቀው "ስንት ቶን ነው?" ብለን ነው። ክሪኩ ይህን ያህል ይገፋል የሚል መልስ እናገኛለን። ማዕቀፉ ይችለዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ፕሬሳችን

ኮምቦልቻ ላይ ሦስት ሆነን ጋራዥ ስንከፍት በመጀመሪያ የገዛነው ባለ 12 ቶን ፕሬስ ነበር። ኮምቦልቻ የመንገድ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ መቀሌ የሚወጣው፣ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ሥራ አይጠፋም ብለን ነበር፤ አልጠፋምም። ፕሬሱን ስንገዛ የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው። ስንት ቶን ነው? ዋጋው ስንት ነው? ሻጩም የጠየቅነውን መለሰልን። ስለዚህ ጥፋቱን በሱ ላይ ልንጥለው አንችልም።

አንድ ቀን የቶዮታ ኮሮላ የፊት ኩሽኔታ ልናወጣ ነበር። በዚህ ዓይነቱ መኪና ኩሽኔታው የተቀበረው ጎማውን በሚሸከመው የፊት እግር ብረት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሞዞው ተገፍቶ ይወጣል፤ ቀጥሎ ኩሽኔታው ይወጣል። ከኩሽኔታው ፊት ግን እንዳይንሸራተት የሚያግደው የሽቦ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት በፒንሳ ተጨብጦ አስቀድሞ መውጣት አለበት። በዚያ መኪና ላይ ዝገትና ጭቃ ሸፍኖት አላየነውም።

ፓምፑን መታን፤ እምቢ አለ። ጨመርን፤ እምቢ አለ። ከሦስታችን አንዱ (ማን እንደ ሆነ ዛሬም ድረስ እንከራከራለን) የውኃ ቧንቧ አምጥቶ እጀታውን አስረዘመው። መለኪያ ሰዓት አልነበረውምና ስንት ቶን ላይ እንደ ደረስን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። የግራው ምሰሶ ትንሽ ጎበጥ ሲል ያየነው ቢሆንም "አሁን ሊወጣ ነው" አልን። ከዚያ በኋላ እንደ ጥይት የጮኸ ድምፅ ሰማን። የእግር ብረቱ ከንፈር ተገምሶ፣ ከኩሽኔታው ቀለበት የተሰበረ ስባሪ በተለማማጃችን ጆሮ አጠገብ አልፎ የላሜራ በሩን በሳው። ልጁ ለሁለት ቀን ሥራ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን እናቱ መጡና "ልጆቼ፣ እኔ ሌላ የለኝም" አሉን። ከዚያ ሌላ አልተናገሩም።

የሰው የእግር ብረት ሰብረን ዝም ማለት አይቻልም። አዲስ አበባ ወርደን ያገለገለ ፈልገን ገዝተን ተካን። የዚያን ወር ትርፍ በሞላ በላው። ኩሽኔታ የሚሠራበት ብረት በጣም የጠነከረ በመሆኑ አይጎብጥም፤ ሲበዛበት ይፈነዳል። ይህን ድሮም በቃል እናውቀው ነበር። የበሩን ቀዳዳ ስናይ ግን በሌላ መንገድ አወቅነው።

መጀመሪያ ሥራውን መቁጠር

ሁለተኛውን ፕሬስ ከመግዛታችን በፊት ደብተር ገዛን። ለሦስት ወር ያህል ፕሬስ የሚፈልግ ሥራ በመጣ ቁጥር የመኪናውን ዓይነት፣ የዕቃውን ርዝመትና ወርድ፣ በምን ምክንያት እንዳስቸገረ ጻፍን። ፊደል መቁጠር ለጋራዥ ምን ይሠራል የሚል ሰው ካለ ያን ደብተር ብናሳየው ደስ ይለን ነበር። ሦስት ዓመት በአፍ ስንከራከርበት የቆየነውን ነገር በአንድ ምሽት ጨረሰልን።

ደብተሩ ያሳየን ነገር እንደሚከተለው ነው። ከሁሉ የሚበዛው የሃይስና የሂሉክስ የኋላ ኩሽኔታ ነበር። ቀጥሎ የብራቾ ጎሚኒ፤ ከዚያ የኮሮላና የቪትዝ የፊት እግር፤ ከዚያ ክሮቼራ፤ አልፎ አልፎ የአይሱዙ ኤንፒአር ቦኮላ። ባጃጅም ይመጣ ነበር፤ ሆኖም የሱ ኩሽኔታ ትንሽ ነው፤ ብዙ አያስቸግርም።

የሃይስ የኋላ ኩሽኔታ ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፕሬስ ገዝቶ ቤቱ ካስገባ በኋላ የሚጸጸተው በዚህ ሥራ ነው። ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ሴሚያስ ይባላል። በአንዱ ጫፉ የጎማው ቡሎን የሚታሰርበት ሰፊ ሳህን አለ፤ በሌላው ጫፉ ጥርስ አለ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ነው። ኩሽኔታው በሳህኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ እንዳይንሸራተትም ጠባቂ ቀለበት ተገፍቶ ይገባበታል። ጠባቂው ቀለበት አስቀድሞ በግራይንደር ሳስቶ በመሮ ይሰነጠቃል፤ ዘንጉን ላለመንካት ጥንቃቄ ያሻል። ከዚያ ኩሽኔታውን ለማውጣት ሴሚያሱ በጥርሱ በኩል ወደ ላይ ይቆማል። ኩሽኔታው አልጋው ላይ ይደገፍና ጥርሱ በኩል ያለው ጫፍ ወደ ታች ይገፋል። በዚህ ጊዜ ሙሉው ርዝመት ከአልጋው በላይ ነው። አዲሱን ስናስገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሳህኑ ወደ ላይ፣ ጥርሱ ወደ ታች ይሆናል፤ ሙሉው ርዝመት ከአልጋው በታች ይንጠለጠላል።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ አልጋው በጣም ዝቅ ማለትም፣ በጣም ከፍ ማለትም መቻል አለበት። ከሥሩም መሬት ድረስ ባዶ መሆን አለበት። ያ ባለ 12 ቶን ፕሬሳችን ይህን አይችልም ነበር። ጉልበቱ ለሃይስ ኩሽኔታ ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘንጉ አይቆምበትም። ሁልጊዜ የሃይስ ሴሚያስ ተሸክመን ወደ ጎረቤት ጋራዥ እንሄድ የነበረው በቶን ማነስ ሳይሆን በቁመት ማነስ ነበር። ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ሜትር ይዞ ይሂድ። የሚሠራውን ረጅሙን ዘንግ ለክቶ፣ ለድጋፉ ብረት አንድ ስንዝር ጨምሮ፣ ያን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ።

የኮሮላ የእግር ብረት ደግሞ ርዝመት አይጠይቅም፤ ወርድ ይጠይቃል። ቅርጹ የተጣመመ ነው፤ እዚህም እዚያም ክንድ አለው። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ከሆነ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ቀጥ ብሎ ያልተቀመጠ ዕቃ ሲገፋ ይንሸራተታል፤ ወይም ኩሽኔታው ዘንበል ብሎ ገብቶ ቤቱን ይፍቀዋል። ሌላም ነገር አለ። ሞዞው ሲወጣ የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ግማሽ ይዞ ይወጣል። እሱን ከሞዞው ለማላቀቅ ከሥሩ የሚገባ ስል መለያያ ያስፈልጋል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ደግሞ የኩሽኔታው አንድ ፊት የፍሬን መቆጣጠሪያው ዳሳሽ የሚያነበው ማግኔት አለበት። ያ ፊት ወደ ዳሳሹ መዞር አለበት። ገልብጦ ያስገባ ሰው እንደ ገና ማውጣቱ ነው፤ ሲወጣም ይበላሻል።

የአይሱዙ የፊት ፒን ዝጎ ሲይዝ በጣም ያስቸግራል። ሆኖም ፒኑ የሚወጣው አክሱሉ መኪናው ላይ እንዳለ ስለ ሆነ የቆመ ፕሬስ አይደርስለትም። ለዚያ የሚሆነው በእጅ የሚያዝ የዘይት መግፊያ ነው። ስለዚህ "ለአይሱዙ ፒን" ብሎ 50 ቶን ፕሬስ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ቦኮላው ግን እግሩ ከወጣ በኋላ በፕሬስ ይገባል፤ ብዙም ኃይል አይጠይቅም። እዚህ የሚያስፈልገው ዓይን ነው። በቦኮላው ላይ ያለው የግራሶ ቀዳዳ ከቤቱ ቀዳዳ ጋር መገጣጠም አለበት፤ አለዚያ ግራሶው አይደርስም። ነሐሱም ከገባ በኋላ በመጠኑ ስለሚጠብ ውስጡ በልኩ ይሰፋል። ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።

ታዲያ ስንት ቶን?

የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ለባጃጅና ለሞተር ብስክሌት፣ እንዲሁም ለዲናሞና ለሞተሪኖ ትንንሽ ቦኮላዎች፣ በእጅ የሚዞር ባለ ጥርስ ፕሬስ ወይም ከ6 እስከ 10 ቶን ያለው ትንሽ የዘይት ፕሬስ ይበቃል። ለትንንሽ መኪና፣ ለፒካፕና ለሚኒባስ 20 ቶን ይሁን። 12 ቶንም ብዙውን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ዝገት ባለበት አገር ሁልጊዜ በአቅሙ ጫፍ ላይ ይሠራል፤ በአቅሙ ጫፍ ላይ የሚሠራ ማዕቀፍ ደግሞ ምን እንደሚሆን ነግረናችኋል። ለከባድ መኪና ብቻ ለሚሠራ ጋራዥ 30 ወይም 50 ቶን ይገባል።

"ትልቁን ብንገዛ ትንሹንም ይሠራል" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በ50 ቶን ፕሬስ ላይ ትንሽ ቦኮላ የሚያስገባ ሰው የኃይሉ ስሜት አይደርሰውም። መለኪያ ሰዓቱም ትንሹን ጫና ለይቶ አያሳይም። እቃው ሲጣመም ሳያውቅ ጨፍልቆት ያርፋል።

ኃይል የሚቀንስ ሌላ መንገድም መኖሩን መዘንጋት የለብንም፤ ሙቀት ነው። 40 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የብረት ኩሽኔታ በ80 ዲግሪ ቢሞቅ ቀዳዳው ወደ 4 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህች ትንሽ መስፋት ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ያለ ፕሬስ እንዲጠልቅ ትበቃለች። ኩሽኔታው ግን ከ120 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም፤ በነበልባልም አይነካም። በሞቀ ንጹሕ ዘይት ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ግራሶ ተሞልቶ በሁለት በኩል የተዘጋውን ኩሽኔታ ግን ዘይት ውስጥ አናስገባውም። ጎሚኒም በፍጹም በእሳት አይወጣም። ጎማው ሲቃጠል ጢሱ ይመርዛል፤ ብረቱም ይለሰልሳል።

ማዕቀፉን መመርመር

ፕሬሶች በሁለት ቅርጽ ይሠራሉ። አንደኛው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ነው። ቀለል ላለ ሥራ እንጂ ለረጅም ዘንግ አይመችም። ሁለተኛው እንደ በር መቃን ሁለት ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች ያሉት ነው። ምሰሶዎቹ በርካታ ቀዳዳ አላቸው፤ አልጋው በሁለት ፒኖች ላይ ተቀምጦ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኛ የመረጥነው ይህን ነው።

በዚህ ዓይነቱ ፕሬስ ላይ ሕይወታችን በፒኖቹ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፒን ይጠፋል። ሲጠፋም አንዱ ተነሥቶ ከግንባታ ቦታ የተረፈ ፌሮ ቆርጦ ይሰካበታል። ይህን በስንት ጋራዥ እንዳየን! አሁንም እርሳሳችንን እናንሣ። 20 ቶን ሲጫን ሁለቱ ምሰሶዎች አሥር አሥር ቶን ይካፈላሉ። አልጋው በያንዳንዱ ምሰሶ ግራና ቀኝ ስለሚያርፍ ፒኑን እንደ መቀስ ሊቆርጠው የሚሞክረው ኃይል በያንዳንዱ በኩል 5 ቶን ነው። ፌሮው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ የተቆረጠው ፊት ስፋት 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 5,000 ኪሎ ለ2 ሲካፈል በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2,500 ኪሎ ይደርስበታል። ተራ ለስላሳ ብረት እንዲህ ሲቆረጥ በ1,400 ኪሎ ገደማ መበላሸት ይጀምራል። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒንም ቢሆን 1,600 ኪሎ ገደማ ይደርስበታልና አይበቃም። ባለ 30 ሚሊ ሜትር ፒን ግን ስፋቱ 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ የሚደርስበት 700 ኪሎ ያህል ነው። መጉበጡን ሳንቆጥር ነው ይህ ሁሉ። ፒን ከጠፋ በልኩ በቶርኖ ማስቀረጽ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ማዕቀፍ በአገር ውስጥ ማስበየድም ይቻላል። ብዙዎች ከምናለሽ ተራ የወፍራም ብረት ቁራጭ ገዝተው ያስበይዳሉ፤ ጥሩ የሠሩም አይተናል። እኛም አስበን ነበርና አንድ የቶርኖ ባለሙያ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን።

"ጋሼ፣ ይህን ብረት አምጥተናል፤ 20 ቶን ይችላል?" ብለን ጠየቅን።

ብረቱን ሳይሆን የሣልንበትን ወረቀት ተመለከቱ። "ልጆቼ፣ ብረቱስ ይችላል። እናንተ ግን የላይኛውን አግዳሚ በብየዳ ብቻ ልታንጠለጥሉት ነው። ብየዳው ላይ ከተሳበ ስንጥቁን ሳታዩት ይከፈታል። አግዳሚው ምሰሶው ውስጥ ገብቶ በቡሎን ይያዝ፤ ብየዳው ለመያዣ እንጂ ለመሸከሚያ አይሁን" አሉን።

ወረቀቱን አጥፈን ተመለስንና ተሠርቶ የመጣ ገዛን። ይህን የምንለው የአገር ውስጥ ሥራን ለማጣጣል አይደለም። እኛ ብየዳችንን የምናውቀው በመሆኑ ነው።

ክሪኩና ሰዓቱ

በብዙዎቹ ፕሬሶች ላይ ክሪኩ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሞላ በተንጠለጠለ ተንቀሳቃሽ አግዳሚ ላይ ነው። ክሪኩ የላይኛውን ብረት ወደ ላይ ሲገፋ የቆመበት አግዳሚ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቫልቩ ሲከፈት ሞላው መልሶ ይስበዋል። ክሪኩ ሲያረጅ ማንኛውንም ተመሳሳይ ክሪክ መተካት ስለሚቻል ለትንሽ ጋራዥ ይህ ይመቻል። ብቻ ተራውን ክሪክ ገልብጦ ማሰር አይቻልም። ዘይት የሚቀዳበት ቦታ ከታች ስለ ሆነ ሲገለበጥ አየር ይስባል። ፓምፑ ለብቻው በምሰሶው ላይ የታሰረ ፕሬስም አለ። ሥራው የተቀላጠፈ ነው፤ ዋጋውም ከበድ ይላል። በአየር የሚነዳው ደግሞ ኮምፕረሰር ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን እጀታ ያለው ብቻ ነው የሚሠራው።

መለኪያ ሰዓት የሌለውን ፕሬስ አንመክርም። ሰዓቱ ቀስ እያለ ሲወጣና ዕቃው ሲንቀሳቀስ ነገሩ ደኅና ነው። ሰዓቱ ወጥቶ ወጥቶ ዕቃው ካልተነቃነቀ ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ ያልወጣ ቀለበት አለ፤ ወይም ድጋፉ የተቀመጠው በማይንቀሳቀሰው ላይ ሳይሆን በሚንቀሳቀሰው ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰዓት ኖሮን ቢሆን የኮሮላው የእግር ብረት አይሰበርም ነበር ብለን እናምናለን። ቧንቧ ያመጣው ግን አያምንም።

ዘይቱ የሃይድሮሊክ ዘይት ይሁን። የፍሬን ዘይት የጨመረ ሰው የክሪኩን ጎማዎች ያስነፋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ክሪኩ አይይዝም።

ድጋፎቹ

ከፕሬሱ ጋር ሁለት ጠፍጣፋ የድጋፍ ብረቶች ይመጣሉ። በቀለም የተሸፈነ ብረት ቀልጦ የተቀረጸ ይሁን የተቆረጠ ብረት ይሁን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀልጦ የተቀረጸው ተሰባሪ ነው፤ በመካከሉ ሲጫኑት በድንገት ይከፈላል። እኛ የመጡልንን ወዲያ ጥለን ከወፍራም የብረት ሳህን አስቆረጥን።

የመግፊያ ቀለበቶችን ለማዘጋጀት የኩሽኔታ ቁጥር ማንበብ ይጠቅማል። በተለመዱት ኩሽኔታዎች ላይ፣ ከ04 ጀምሮ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። 6205 የሚል ከሆነ 05 በ5 ሲባዛ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውጭው ስፋት 52፣ ውፍረቱ 15 ነው። 6305 ቀዳዳው ያው 25 ሲሆን ውጭው 62፣ ውፍረቱ 17 ነው። የተበላሹ ኩሽኔታዎችን የውጭ ቀለበት አንጥልም። ዙሪያውን በግራይንደር ትንሽ ስናሳሳው አዲሱን የሚገፋ በልኩ የሆነ ቀለበት ይወጣዋል። እነዚህን በሽቦ ሰክተን ግድግዳ ላይ ቁጥራቸውን ጽፈን ሰቅለናል።

ሲገዛ መፈተን

ያገለገለም ሆነ አዲስ፣ ሳይፈተን አይገዛ። ምሰሶዎቹ ላይ ክር ተወጥሮ ቀጥ ማለታቸው ይታያል። የፒን ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ከሆነ ከአቅሙ በላይ ተሠርቶበታል ማለት ነው። ከዚያ ወፍራም ድፍን ብረት አልጋው ላይ ይቀመጥና እስከ አቅሙ ግማሽ ይገፋል። ሰው ከፊቱ ዘወር ይላል። ዐሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቅ። ሰዓቱ እየወረደ ከመጣ የክሪኩ ጎማ አልቋል። ቫልቩ ሲከፈት ዘንጉ ካልተመለሰ ሞላው ደክሟል። ሻጩ "ዘይት ስለ ጎደለው ነው" ካለ ዘይት ይጨመርና እንደ ገና ይፈተን።

የኛ ባለ 20 ቶን ፕሬስ አሁን ከበሩ ርቆ፣ ጀርባው ወደ ግድግዳ ሆኖ፣ በኮንክሪት ላይ በአራት ቡሎን ታስሮ ቆሟል። ከፊቱ በማጠፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ የወፍራም ላሜራ መከለያ በይደንለታል፤ የሚሠራው ሰው በጠባብ መስኮት ያያል፤ መነጽር ያደርጋል። ያ ተለማማጅ ዛሬ በፕሬሱ ላይ የሚሠራው እሱ ነው፤ መከለያው ሳይዘጋ ፓምፕ የነካውን ሰው፣ እኛንም ቢሆን፣ ይቆጣል። አሮጌውን ባለ 12 ቶን ሊገዙን የመጡ ነበሩ፤ ቀለም ቀብተን ብንሸጠው የጎበጠው ምሰሶ አይታይም ነበር። አልሸጥነውም። ክሪኩን አውጥተን ለመኪና ማንሻ አደረግነው፤ ምሰሶዎቹን ቆርጠን የሞርሳውን ጠረጴዛ እግር ሠራንባቸው። አንደኛው እግር ትንሽ ጠማማ ስለ ሆነ ከሥሩ ታኮ አድርገንለታል።